የአቃቂ ባዶ አዳራሾች ለማን ይሁኑ?

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሰቃ በደብረ ዘይት መንገድ የሚወርድ ሰው ግራ ቀኙን ልብ ብሎ ካየ፣ ከጭነት መኪኖቹ ሰልፍና ከአዳዲሶቹ የመስታወት ሕንፃዎች ጀርባ ረጃጅም የድንጋይና የብሎኬት አጥሮች አሉ። ከአጥሮቹ በላይ የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስታወቱ የረገፈ መስኮት፣ ጭስ ካቆመ የቆየ ጭስ ማውጫ ብቅ ይላል። በር ላይ ጥበቃ አለ፤ ውስጥ ሥራ የለም። አንዳንዱ ግቢ ፋብሪካ ነበር፤ አንዳንዱ መጋዘን ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ተጀምሮ ኮለኑ ከወጣ በኋላ የተተወ ሼድ ነው።

እነዚህ ሕንፃዎች ምን ይሁኑ ሲባል ሁለት መልስ ቶሎ ይመጣል። አንደኛው “ያረጀ ነውና ይፍረስ፣ ቦታው ለልማት ይዋል” ይላል። ሁለተኛው “ታሪክ ነውና አይነካ” ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በሕንፃው ዕድሜ ላይ ነው። እኔ ግን የአቃቂ ቃሊቲን ነገር በተከታተልኩ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። እነዚህን አዳራሾች ባዶ ያደረጋቸው እርጅናቸው አይደለም። ባዶ ያደረጋቸው የባለቤትነት ጣጣ፣ የብድር ዕዳ፣ የመሬት ዋጋ ተስፋና በመሥሪያ ቤቶች መካከል ያልተቋጨ ርክክብ ነው። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ማፍረስ ባዶነትን አያድነውም፤ ባዶ ሕንፃ የነበረውን በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ያደርገዋል።

አቃቂ የፋብሪካ አገር የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። በ1909 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ወንዙ አለ፤ መሬቱ ሜዳ ነው። በ1927 የተመረቀው፣ አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ የሠራው የሬዲዮ ጣቢያ የቆመውም እዚያው አቃቂ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት ከዚያ ነበር። ጥቂት ዝቅ ብሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ ተሠራ። ባቡር፣ ውኃ፣ ሜዳና መብራት አንድ ላይ ሲገኙ ፋብሪካ መምጣቱ አይቀርም፤ መጣም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቢርላ የተባለው ታላቅ የሕንድ የንግድ ቤት ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅን አቋቋመ። ይህ ለአቃቂ ብቻ ሳይሆን ለሕንድም ታሪክ ነው፤ የሕንድ ባለሀብቶች ከአገራቸው ውጪ ካቋቋሟቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል።

በ1967 ደርግ ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ ፋብሪካው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በኋላ በአቃቂ የሚኖር ሰው ሥራውም ቤቱም ከአንድ በር የሚመጣ ሆነ፤ ቀን በፈረቃ ፋብሪካ ይገባል፣ ማታ የቀበሌ ቤቱ ይገባል። ደርግ በበኩሉ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ጨመረ፤ ይህ በኋላ የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ተብሎ በ2002 የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሲቋቋም ወደ እሱ ተጠቃልሏል። የኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ያለ አቃቂ አይሟላም፤ የአቃቂ የሰፈር ታሪክም ያለ ፈረቃ አይነገርም። ዛሬ በአካባቢው ብዙ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቃሊቲና አቃቂ የሞቱ ሰፈሮች አይደሉም። ነገር ግን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀጥሮ አንድ ከተማ የሚያቆምበት ዘመን አልፏል፤ ያ ዘመን ሲያልፍ የተወው ነገር ደግሞ አዳራሽ ነው።

አዳራሾቹ እንዴት ባዶ ሆኑ? መንግሥት የያዛቸውን ድርጅቶች ወደ ግል ማዛወር የጀመረው ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ነው። የተዛወረው ሁሉ ተዘጋ ማለት ሐሰት ነው፤ አንዳንዱ አድጓል። ነገር ግን አሮጌ ማሽን ላለው ፋብሪካ መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ለዓመታት ተራ ሲጠበቅበት ኖሯል፤ መብራት ይቆራረጣል፤ ከውጭ የሚገባው ጨርቅና ሰልባጅ ገበያውን ይዞታል። በዚህ መሐል ፋብሪካው ከሚያመርተው ይልቅ የተቀመጠበት መሬት ይወደዳል። በተለይ የቱሉ ዲምቱ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ከተከፈተና ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ቃሊቲ ከደረሰ በኋላ፣ በዚያ አቅጣጫ ያለ ሰፊ ግቢ ሥራ ባይሠራም ለባለቤቱ ሀብት ሆኗል። እንደዚህ ያለ ግቢ ለባንክ መያዣ ይሆናል። ብድሩ ሲበላሽ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ሐራጅ ይወጣል፤ ሐራጁ ይታገዳል። ሸሪኮች ይጣላሉ፤ ወራሾች አይስማሙም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕንፃው ምንም አላጠፋም።

ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ ሥርዓት እንዲይዘው ይደነግጋል። ዓላማው መሬት በስውር እንዳይሸጥ ነው፤ ጥሩ ዓላማ ነው። ውጤቱ ግን የድሮ ፋብሪካ ያለው ሰው ለሚሠራበት ሰው ከመልቀቅ ይልቅ ይዞ መቀመጥን እንዲመርጥ ያደርገዋል። በሊዝ አዲስ ቦታ የወሰደ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ግንባታ ካልጀመረ ይጠየቃል። የነበረ ሕንፃውን ዘግቶ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ግን እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ አይመጣበትም። የመንግሥት የሆኑት ግቢዎች ደግሞ ሌላ በሽታ አለባቸው፤ ከኮርፖሬሽን ወደ ኮርፖሬሽን፣ ከኤጀንሲ ወደ ኤጀንሲ ይተላለፋሉ፣ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ቁልፉ ከአንድ ጥበቃ ወደ ሌላ ጥበቃ ይሻገራል፣ አሸንዳ የሚጠርግ ግን አይኖርም።

የአሸንዳን ነገር ያነሳሁት እንዲያው አይደለም። በዚያ ዘመን የተሠሩ የጨርቃ ጨርቅ አዳራሾች ብዙውን ጊዜ ጣሪያቸው የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አንዱ ጎን በቆርቆሮ ይንጋደዳል፤ ሌላው ጎን ቀጥ ብሎ በመስታወት ይዘጋል፤ መስታወቱም ወደ ሰሜን ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳይገባ ብርሃን ብቻ ይገባል፤ ሸማኔው ክሩን ያያል፣ ዓይኑ አይደክምም። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታጋድለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ገደማ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ያን ጊዜ ክረምቱ ራሱ ይጋርዳታል። ስለዚህ ያ ጣሪያ ለአዲስ አበባ የተመቸ ነው። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ የሚውል ከባድ ማሽን እንዲሸከም ስለተሠራ ወፍራም ነው። ኮለኖቹ ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ መሐሉ ክፍት ነው። አሁን እንዲህ ያለ ሰፊ፣ ብርሃናማ፣ ጠንካራ ወለል ያለው ቦታ ከአዲስ ቢሠራ ስንት እንደሚፈጅ ሲሚንቶና ፌሮ የሚገዛ ሰው ያውቀዋል።

የዚህ ጣሪያ ድክመቱ በሁለት ጥርስ መካከል ያለው ሸለቆ ነው። ዝናቡ ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ እዚያ ያለው አሸንዳ ቅጠልና አቧራ ከሞላው ውኃው ይተኛል፣ ቆርቆሮው ይበሳል፣ ከዚያ በኮለኑ ላይ ወርዶ እግሩ ሥር ይጠራቀማል። በብረት ኮለን ከሆነ እግሩን ዝገት ይበላዋል። ውኃው ወደ መሠረቱ ከገባ ደግሞ የአቃቂ አፈር ይቀበለዋል። የአቃቂ አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሕንፃው ሥር ያለው አፈር በአንድ በኩል ረጥቦ በሌላ በኩል ከደረቀ ግድግዳው እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይሰነጠቃል። መንገደኛው ያንን ስንጥቅ አይቶ “ሊወድቅ ነው” ይላል። መሐንዲሱ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንጥቁ የት እንዳለ ነው። በብሎኬቱ ላይ ከሆነ ብሎኬቱ ክብደት አይሸከምምና ተጠግኖ ያልፋል። በኮለኑ ወይም በቢሙ ላይ ከሆነ፣ ፌሮው ተጋልጦ ዝጎ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በ2017 መባቻና አጋማሽ ላይ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ድሮ ያለ መንቀጥቀጥ ስሌት የተሠራ አዳራሽ ሰው እንዲገባበት ከመፈቀዱ በፊት መመርመር እንዳለበት ከዚያ ወዲህ መከራከር አያስፈልግም። ምርመራው ግን ከማፍረስ በፊት የሚመጣ ነው፤ እስካሁን የጎደለውም እሱ ነው።

የማፍረስ ወገኖች የሚያነሱት ነገር ሁሉ ግን ባዶ ክርክር አይደለም። ባዶ ግቢ ለሰፈሩ አደጋ ነው። ሴቶች በማታ በአጥሩ ሥር ማለፍ ይፈራሉ፤ ቆሻሻ ይጣልበታል፤ ሕፃናት ዘልለው ገብተው ክዳን በሌለው ጉድጓድ አጠገብ ይጫወታሉ። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ቀለምና ኬሚካል ሲጠቀሙ የኖሩ ናቸው፤ የአቃቂ ወንዝ ከላይ ከከተማው፣ ከታች ከፋብሪካው የጠጣውን ሁሉም ያውቃል፣ በወንዙ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውም ተጠንቷል። ግቢው ውስጥ የቀረው አፈር ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ሕፃናት ማቆያ ይሁን ማለት ጭካኔ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አቃቂ ለከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ከሚቀዳባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ መሆኑ ነው። የድሮ ጣሪያ ላይ አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ክዳን ካለ፣ እሱም በዶዘር የሚመታ ሳይሆን ረጥቦ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ይገድላል። ስለዚህ መርዙና አስቤስቶሱ የሚያስገድዱት ጥንቃቄ ለማፍረሱም እኩል ይሠራል። አንድን ግቢ በአንድ ሌሊት ደርምሶ ፍርስራሹን ወደ ወንዝ ዳር መድፋት ከባዶነቱ የባሰ ጥፋት ነው።

ማፍረስ በአዲስ አበባ ምን አስከተለ? መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ልደታ ፈርሶ ቶሎ ተሠርቷል፤ ብዙ ነባር ነዋሪም እዚያው ኮንዶሚኒየም አግኝቷል። አራት ኪሎ ፓርላማው አጠገብ የነበረው የባሻ ወልዴ ችሎት ሰፈር ግን ሰው ከተነሣ፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር ሲያበቅል ኖሯል። በዚያ አጥር ውስጥ ያለፉት ዓመታት ለማንም አልጠቀሙም፤ ኪራይ የሚከፍል የለም፣ ግብር የሚከፍል የለም፣ ሰፈር የለም። ዓለም በቃኝ የሚባለው የከርቸሌ እስር ቤት ፈርሶ በቦታው በጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል። አዳራሹ ለአፍሪካ ያስፈልግ ነበር፤ ግን ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ ግንብ እንኳ ለመታሰቢያ ሳይተው መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጫል። እስር ቤትም ቢሆን ያሳለፈው መከራ በድንጋዩ ላይ ነበር።

የሚፈርሰው ሕንፃ ቁሱ የት እንደሚገባ ማየትም ይጠቅማል። በእኛ ከተማ የሚጠቅም ፍርስራሽ አይጣልም። ፌሮው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይቃናል፤ በርና መስኮቱ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ቆርቆሮው በመርካቶው ምናለሽ ተራ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ቁርጥራጩ ብረት በቆራሌው ትከሻና በመኪና ተጭኖ መልሶ ብረት ወደሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች ይሄዳል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ከባለሙያ ያላነሰ ዕውቀት አላቸው። ሕንፃውን ግን ከተቻለ ሙሉ ለሙሉ መጠቀም ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ያንኑ ፌሮ አውጥቶ፣ አቅልጦ፣ መልሶ ሌላ አዳራሽ ላይ ለማቆም የሚፈጀው እሳትና ነዳጅ ከአገር ኪስ የሚወጣ ነው።

መልሶ መጠቀም ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን አቃቂ ራሷ ትመሰክራለች። አባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ በደለልና በጥገና እጦት ቆሞ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ነበር። ብዙ ሰው ታሪክ ብቻ ነው ብሎ ትቶት ነበር። በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዳግም ሥራ ጀመረ፤ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ለዛሬዋ ኢትዮጵያ ትንሽ ነው። ነገር ግን ቆሞ የነበረ ተቋም ተነሥቶ መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አይገኝም። በ1922 የተሠራው የለገሀር ጣቢያም አለ። ኅዳር 2011 የኢግል ሂልስ ግዙፍ የመኖሪያና የንግድ ፕሮጀክት በዙሪያው ሲጀመር የጣቢያው ሕንፃ እንዲቆይ ተወስኗል። በ1953 የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 እንደገና ተከፍቷል። ሦስቱም ግን ስም ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። የአዲስ አበባ የቅርስ መዝገብ ቤተ መንግሥትን፣ የመኳንንት ቤትን፣ ቤተ ክርስቲያንንና መስጊድን ያውቃል። ሠራተኛ ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለበትን የቆርቆሮ አዳራሽ ግን ቅርስ ብሎ ለመመዝገብ ልቡ የሚከፈት ባለሙያ ጥቂት ነው። የአቃቂ አሮጌ የባቡር ጣቢያና የሐዲዱ መስመር የሚፈልገው እንክብካቤ ከለገሀሩ አያንስም፤ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ መጨረሻ ካያቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነውና።

ከውጭ ሁለት ከተሞችን ላነሣ እወዳለሁ፤ አንዱ ለተስፋ፣ አንዱ ለማስጠንቀቂያ። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ከተማ የበርሜል ፋብሪካ የነበረ ግቢ ነበር። የንግድ ሠራተኞችን የሚያገለግለው ሴስክ የተባለ ተቋም ገዝቶት አዲስ ማዕከል ሊሠራ ሲነሣ፣ ሊና ቦ ባርዲ የምትባል ታላቅ አርክቴክት ተጠራች። ሄዳ ስታይ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦች በባዶው ፋብሪካ ውስጥ ሲጫወቱ፣ ምግብ ሲያበስሉ፣ ልጆች ሲሯሯጡ አገኘች። ሰፈሩ ሕንፃውን ከባለቤቱ ቀድሞ መጠቀም ጀምሯል ማለት ነው። እሷም የጡብ አዳራሾቹን ሳታፈርስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር፣ መመገቢያና የእጅ ሥራ ክፍል አድርጋ ሠራቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፈተ። ዛሬም ሞልቶ ይውላል። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ሥነ ጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ንድፉ የተጀመረው ሰዎቹ የሚያደርጉትን በማየት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ሙምባይ ነው፤ ለአቃቂ የሚቀርበውም እሱ ነው፣ የአቃቂ ፋብሪካ ሐሳብና ገንዘብ ከሕንድ የጨርቃ ጨርቅ ዓለም የመጣ ነበርና። በሙምባይ መሐል ከተማ ከ50 በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወደ 240 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ፤ አድማው ከዓመት በላይ ቆየ፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲያ አላገገሙም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከተማው ጥሩ ደንብ አወጣ፤ የፋብሪካ መሬት ለሌላ ሥራ ሲለቀቅ ሲሶው ለሕዝብ ክፍት ቦታ፣ ሲሶው ለሕዝብ መኖሪያ፣ ሲሶው ለባለቤቱ ይሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደንቡ ተሻሻለና ሲሶው የሚሰላው ቀድሞ ባዶ በነበረው መሬት ላይ ብቻ ሆነ። አሮጌ አዳራሽ የቆመበት መሬት ከስሌቱ ወጣ፤ አዳራሹ ቢፈርስም መሬቱ የባለቤቱ ነው። ለከተማውና ለሠራተኛው የደረሰው ቁራሽ ሆነ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርድ ቤቱ ማሻሻያውን አጸና። ዛሬ ብዙዎቹ ቦታዎች ላይ የገበያ አዳራሽና የቅንጦት ፎቅ ቆሟል። አንድ ቃል በአንድ ደንብ ውስጥ ሲቀየር የአንድ ሰፈር ዕጣ እንዴት እንደሚቀየር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የእኛ ባለሙያዎች ደንብ ሲጽፉ ከሕንፃው ጋር መሬቱን፣ ከመሬቱ ጋር ሠራተኛውን አንድ ላይ ይዘው እንዲጽፉ የምለምነው ለዚህ ነው።

ወደ አቃቂ ስንመለስ፣ አዲስ ሼድ መሥራትና የድሮውን መተው ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ 279 ሄክታር የሚሆን የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተሠርቷል። ፓርክ መኖሩ ጥሩ ነው፤ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ ኬሚካል በሞላው አሮጌ ግቢ ሊሠራ አይገባም። ነገር ግን አዲስ ሼድም ባዶ ይሆናል። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣና ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲወጣ ብዙ ሠራተኛ ከአዳዲስ ሼዶች ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። አዲስነት ከባዶነት አያድንም ማለት ነው። በአንጻሩ በቃሊቲ መንገድ ዳር በር የሚበይድ፣ ሶፋ የሚሠራ፣ አልጋ የሚያለብስ ወጣት የመሥሪያ ቦታ አጥቶ እግረኛ መንገድ ላይ ሲሠራ ይታያል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ሼድ የሚጠብቀው ወረፋ ረጅም ነው። እሱ ከሚሠራበት ቦታ መቶ ሜትር ርቆ ባለ ሰፊ ወለል አዳራሽ ቁልፍ ተቆልፎበት ይዘንብበታል።

ሰውም እየጨመረ ነው። ቱሉ ዲምቱና ገላን ኮንዶሚኒየሞች ከሞሉ ቆይተዋል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎች ወደ ገላን ጉራ ገብተዋል። ከመሐል ከተማ የተነሣ ሰው የሚያጣው ቤት ብቻ አይደለም፤ ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ ደንበኛውን ነው የሚያጣው። ዕድር ድንኳን የሚያስቀምጥበት፣ ወጣት ስፖርት የሚሠራበት፣ አዛውንት የሚሰበሰብበት፣ ጉሊት በዝናብ የሚጠለልበት ሰፊ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ለእነዚህ ሁሉ ከአዲስ መገንባት ገንዘብም ዓመትም ይፈጃል፤ የቆመውን አዳራሽ መጠገን ቢያንስ ዓመቱን ይቆጥባል።

ገንዘቡን ይቆጥባል ብዬ በደፈናው አልናገርም። አሮጌ ፋብሪካን ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል ርካሽ የሚመስለው ቀለም ቀብቶ ለሚያየው ነው። መብራቱ እንደ አዲስ መዘርጋት አለበት፤ የድሮ ገመድ የእሳት ምንጭ ነው። መውጫ በሮች መጨመር አለባቸው፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ በር የሚወጣበት አዳራሽ በእሳት ጊዜ መቃብር ነው። መጸዳጃ ቤት፣ የፍሳሽ መስመር፣ ጣሪያ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጁም ሕንፃን ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጠየቁ ትክክል ነው፤ ፈቃዱ ግን ለአዲስ ፎቅ ከተጻፈ መስፈርት ጋር ብቻ ከተለካ አንድም አሮጌ አዳራሽ አያልፍም።

እኔ እንዲደረግ የምፈልገው ይህ ነው። ክፍለ ከተማው በአቃቂ ቃሊቲ ያሉ ባዶ ፋብሪካዎችን፣ መጋዘኖችንና የተተዉ ጅምር ሕንፃዎችን መዝግቦ መዝገቡን ለሕዝብ ይክፈት፤ ግቢው የማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ ባዶ እንደሆነ፣ ምን ክርክር እንዳለበት ይጻፍ። ክርክር ላይ ያለ ግቢ ክርክሩ እስኪያልቅ ለአምስት ወይም ለሰባት ዓመት በጊዜያዊ ውል ለሚሠራ ሰው ይከራይ፤ ኪራዩ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና ፍርድ ለረታው ይሂድ። ለባንክም ቢሆን ጣሪያው እየተጠገነ ያለ መያዣ ጣሪያው ከፈረሰ መያዣ ይሻለዋል። ባዶ አድርጎ የሚያስቀምጥ ባለቤት ከሚሠራበት ባለቤት የበለጠ ይክፈል፤ በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ወደ ሥራ ሲወርድ ይህን ልዩነት ማድረግ የአዲስ አበባ አስተዳደር ፈንታ ነው። የማፍረሻ ፈቃድ ደግሞ ገንዘቡ ተይዞ፣ የግንባታ ፈቃዱ ወጥቶ፣ የሚጀመርበት ቀን ታውቆ ካልሆነ አይሰጥ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መሐንዲስ “ኮለኑ አይቆምም” ካለ ይፍረስ፤ ያኔ ማፍረሱ ሕይወት ማዳን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መሠራት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። የእነዚህ ፋብሪካዎች ንድፍ ብዙው ጠፍቷል፤ ከቢርላ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኮርፖሬሽን፣ ከዚያ ወደ ገዢ ሲሻገር ወረቀቱ በየመንገዱ ቀርቷል። ከመሬት በታች የተቀበረው የነዳጅ ታንክ የት ነው? የማቅለሚያ ክፍሉ ፍሳሽ በየትኛው ቦይ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር? የትኛው ክፍል ሥሩ ያለው አፈር ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተጠግኗል? ይህን የሚያውቁት በአቃቂ ጡረታ የወጡ መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሺያኖች፣ የማቅለሚያና የእንፋሎት ክፍል ሠራተኞች ናቸው። በጡረታ ላይ ያሉት እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንድ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ከወረዳው ጋር ሆነው፣ ከእነሱ ጋር ግቢውን እየዞሩ የሚያውቁትን በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ለማፍረስም ለመጠገንም ለመመርመርም የሚያገለግል መረጃ በአንድ በጋ ይሰበሰባል። ይህ ሥራ የጨረታ ሰነድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የወረዳው ደብዳቤና የግቢው በር መከፈት ነው፤ ሊጀመር የሚገባውም ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው።